«እዚህ አይሆንም» ካላችሁ፣ የት ይሁን?

ስልካችን ላይ የኔትወርክ ምልክቷ አንድ በአንድ ስትጠፋ ሁላችንም የምናደርገው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ወደ መስኮት ጠጋ እንላለን። ስልኩን ከፍ እናደርጋለን። ካልሆነ አጥፍተን እናበራዋለን። ከዚያ እየተነጫነጭን እንጠብቃለን። የቀረብን ነገር ምናልባት አንድ ቪዲዮ ወይም ያልተላከ መልእክት ነው፤ ይደርሳል።

ኔትወርክ ያጣው ሰው ግን በሌሊት፣ በረዶ በሸፈነው የጫካ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ያገኘ ፖሊስ ቢሆንስ? ውስጥ ሰው እየደማ ነው። ሬዲዮኑን ተጭኖ አምቡላንስ ይጠራል፤ የሚመልስለት የለም። የዚህ ዓይነቱ ዝምታ ሰው ይገድላል።

መፍትሔው በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ማማ መትከል ነው፣ በቃ። ነገር ግን ማማ የሚገርም ንብረት ነው። ሁሉም ሰው አገልግሎቱን ይፈልጋል፤ ቤቱ አጠገብ እንዲቆም ግን ማንም አይፈልግም። አንድ ማማ ከሆነ በሽማግሌም ሆነ በስብሰባ ያልቃል። አንድን ሙሉ ስቴት የሚሸፍን ወደ 180 ማማ መትከል ሲሆንና እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ደንብ ሲኖረውስ?

ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ስቴቶችን አስጨንቋል። ሚሺጋን የሰጠችው መልስ ግን ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነው። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ የተጠቀለለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን?

«በዚህ ዘመን ማን ሬዲዮ ይይዛል? ስልክ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ስልክ በዋናነት ሁለት ሰዎችን ያገናኛል። ትደውላላችሁ፣ ይጠራል፣ ይነሳል። የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ግን አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ሲናገር፣ በቡድኑ ያሉት ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ነው። «ጣሪያው ሊወድቅ ነው፣ ውጡ!» የሚል የእሳት አደጋ አዛዥ ለ40 ሰው እየተራ የሚደውልበት ጊዜ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት መጨናነቅ ነው። ትልቅ አደጋ ሲደርስ ሁሉም ሰው ስልኩን ያነሳል፣ መስመሩም ይዘጋል። የአደጋ ሠራተኞች በዚያው መስመር ላይ ከተንጠለጠሉ እነሱም አብረው ይዘጋሉ። ስለዚህ የራሳቸው፣ ሌላ ሰው የማይገባበት መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው ደግሞ እርስ በርስ መስማማት ነው። ለረጅም ጊዜ ፖሊሱ የራሱ ሬዲዮ፣ እሳት አደጋው የራሱ፣ አምቡላንሱም የራሱ ነበረው። ጎን ለጎን ቆመው በሬዲዮ የማይሰማሙ ሠራተኞች ማለት ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችን በቪዲዮ አይተነዋል። ሄሊኮፕተር ላይ የነበሩ ፖሊሶች የሰሜኑ ሕንፃ ሊወድቅ እንደሚችል በሬዲዮ አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ለፖሊሶች ደረሰ። ሕንፃው ውስጥ የነበሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ ግን በሌላ መስመር ላይ ስለነበር ያንን ድምፅ አልሰሙም። በዚያ ቀን 343 የኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሁሉም የሞቱት በሬዲዮ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን የመገናኛውን ክፍተት ከትልልቆቹ ችግሮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል።

ተቃራኒውንም እንይ። ነሐሴ 1 ቀን 2007 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው ትልቁ የአውራ ጎዳና ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት ተደረመሰ። 13 ሰው ሞተ፣ 145 ሰው ቆሰለ። በከተማዋና በአካባቢዋ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለሚኖሩ ያን ምሽት ከአዲስ አበባ ስንት ስልክ እንደተደወለ መገመት አይከብድም። ያኔ ፖሊሱም፣ እሳት አደጋውም፣ አምቡላንሱም በአካባቢው በተዘረጋ አንድ የጋራ የሬዲዮ ስርዓት ላይ ነበሩ። ተሰማሙ። ሥራቸው ኋላ ላይ ለሌሎች ከተሞች በምሳሌነት ቀርቧል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ከ1929 የመጣ ሕግ

ወደ ሚሺጋን እንሂድ። ስቴቱ በታላላቆቹ ሐይቆች የተከበበ ነው፤ ከአምስቱ ሐይቆች አራቱ ይነኩታል። ለሁለት የተከፈለ መሬት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በ1957 የተከፈተው የማኪናው ድልድይ ነው። ሰሜናዊው ክፍል፣ «አፐር ፔኒንሱላ» የሚባለው፣ ከስቴቱ መሬት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን ይይዛል፤ የሚኖርበት ሰው ግን ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጫካ፣ ሐይቅና በረዶ ነው።

የፖሊስ ሬዲዮ ታሪክ ከዚህ ስቴት ጋር የተሳሰረ ነው። የዲትሮይት ፖሊስ በ1928 ከጣቢያ ወደ መኪና መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮኑ የሚሰማ እንጂ የሚናገር አልነበረም፤ መልስ መስጠት የፈለገ ፖሊስ ወርዶ ስልክ መፈለግ ነበረበት። በ1929 የስቴቱ ምክር ቤት ለስቴት ፖሊስ የሬዲዮ ጣቢያ እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከኢስት ላንሲንግ ስርጭቱ ተጀመረ። ይህን የ1929 ሕግ አስታውሱት፤ ከ67 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

1990ዎቹ ላይ የስቴቱ ፖሊስ የሚጠቀምበት ሬዲዮ አርጅቶ ነበር። ስለዚህ ሙሉ ስቴቱን የሚሸፍን አዲስ ዲጂታል ኔትወርክ ለመገንባት ተወሰነ። ወጪው ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የማማዎቹ ብዛት ደግሞ ወደ 180 ይጠጋል። ግንባታው ያለቀው በ2002 ነው።

ይህ ሁሉ ማማ ለምን አስፈለገ? አዲሱ ስርዓት የሚሠራው በ800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው ሞገድ ብዙ ንግግር ይሸከማል፤ ነገር ግን ቀጥታ መስመር ይወዳል። ኮረብታ ይጋርደዋል፣ ቅጠል ይውጠዋል። በዚያ ላይ ፖሊሱ ወገቡ ላይ የሚይዛት ሬዲዮ ኃይሏ 3 ዋት ገደማ ነው፤ ከአንዲት ትንሽ የቤት አምፖል ያነሰ ማለት ነው። ያቺ ደካማ ድምፅ ጫካውን አልፋ ማማው ላይ እንድትደርስ ማማው ረጅም መሆን፣ መቅረብም አለበት። ብዙዎቹ የሚሺጋን ማማዎች ከ116 እስከ 146 ሜትር ይደርሳሉ። ረጅሞቹ ወደ 40 ፎቅ ሕንፃ ይጠጋሉ።

ሌላም ነገር አለ። ማማዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ማይክሮዌቭ በሚባል ቀጭን ጨረር ነው። አንዱ ሌላውን «ማየት» አለበት። ዱላ ቅብብል እንደሚሮጡ ልጆች ናቸው። አንዱን ከቦታው ሁለት ኪሎ ሜትር ብታንቀሳቅሱት እዚያ ያለው ሽፋን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ያለው ግንኙነትም ሊቋረጥ ይችላል።

የሰፈሩ ሰው ምን ይላል?

አሜሪካ ውስጥ መሬቱ የራስህ ነው ማለት የፈለግከውን ትሠራበታለህ ማለት አይደለም። ዞኒንግ የሚባል የመሬት አጠቃቀም ደንብ አለ። ይህ ሰፈር ለመኖሪያ፣ ያ ለሱቅ፣ ያኛው ለእርሻ ነው ይላል። ሕንፃ ከዚህ ቁመት አይበልጥም፣ ከአጥር ይህን ያህል ይራቅ ይላል። ለየት ያለ ነገር መሥራት የፈለገ ማመልከቻ ያስገባል፤ ጎረቤቶች ተጠርተው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፤ ቦርዱ ይወስናል።

ደንቡን የሚያወጣው የዋሺንግተን መንግሥት አይደለም። ብዙ ጊዜ ስቴቱም አይደለም። ሚሺጋን 83 ካውንቲዎችና ከ1,200 በላይ ታውንሺፕ የሚባሉ ትንንሽ አስተዳደሮች አሏት፤ ከተሞቹን ሳንቆጥር። ከነዚህ ብዙዎቹ የየራሳቸው ዞኒንግ አላቸው። አንዱ ጋ የቁመቱ ጣሪያ ሌላ ነው፣ ሌላው ጋ ከቤት የሚርቅበት ሜትር ሌላ ነው፣ ሦስተኛው ጋ ቦርዱ የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው።

የተቃዋሚዎቹንም ነገር አቃልሎ ማየት አይገባም። በሐይቅ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ መንደር የምትኖረው ለእይታዋ በሚመጣ ቱሪስት ነው። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ቤት የሠራ ጡረተኛ፣ ጠዋት ሲነሳ በመስኮቱ የሚያየው ሐይቁን ነበር፤ አሁን ብረት ሊሆንበት ነው። «ቤቴን ልሸጥ ብል ማን ይገዛኛል?» ይላል። «ቢወድቅስ?» «ጨረሩስ?» «ሌሊቱን ሙሉ ቀይ መብራት ሲበራ እንዴት እንተኛለን?» «ወፎቹስ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው እብድ አይደለም፣ ራስ ወዳድም አይደለም። ቤቱን የሚወድ ሰው ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ግን እዚህ ጋ ነው። በዚያ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ማማው የሚያስጠላው ሰው ነው። ማማው የሚያድነው ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም። በመጪው ክረምት በዚያ መንገድ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ሦስት ታውንሺፕ አልፎ የሚኖር ገበሬ ነው። እነሱ ስማቸው በየትኛውም ማመልከቻ ላይ አይጻፍም፣ እጃቸውን አውጥተውም አይናገሩም። ድምፅ ሲሰጥ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ።

በአንድ ታውንሺፕ «አይሆንም» ከተባለ ደግሞ ጉድጓዱ በዚያ ታውንሺፕ ብቻ አይቀርም። ቅድም እንዳልነው ማማዎቹ ሰንሰለት ናቸው። አንዱ ቀለበት ሲጎድል ጎረቤቱም ይጎዳል።

ሠላሳ ቀን

እንግዲህ የስቴቱ ምክር ቤት ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። አንደኛው እያንዳንዱን ቦርድ እየተራ መለመን ነው፤ ይህ ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው «እኛ ስቴት ነን፣ ዝም በሉ» ማለት ነው። የሚሺጋን ፍርድ ቤቶች ለዚህ ሁለተኛው መንገድ በር ከፍተው ነበር። በ1978 በዲትሮይት ጉዳይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስቴት መሥሪያ ቤት ለአካባቢ ዞኒንግ ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚለው የሚወሰነው ምክር ቤቱ በሕጉ ምን አስቦ ነበር በሚለው ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ምክር ቤቱ በግልጽ ከጻፈው ነገሩ ያልቃል።

በ1996 ጻፈው። ያን የ1929 ሕግ አንስቶ አሻሻለው። ነገር ግን «ዝም በሉ» ብቻ አላለም። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የስቴቱ ፖሊስ ማማ የሚተክልበትን ቦታ ሲመርጥ ዞኒንግ ላለው የአካባቢ አስተዳደር ያሳውቃል። አስተዳደሩ 30 ቀን አለው። በነዚህ ቀናት ውስጥ ወይ ይፈቅዳል፣ ወይም የስርዓቱን መስፈርት የሚያሟላ ሌላ ተመጣጣኝ ቦታ ያቀርባል። ሁለቱንም ካላደረገ ስቴቱ ሥራውን ይቀጥላል።

አስተውላችኋል? በዚህ ሕግ ውስጥ «አይሆንም» የሚባል መልስ ለብቻው የለም። «እዚህ አይሆንም፣ እዚያ ይሁን» ግን አለ። ሕጉ የሰፈሩን ሰው አፍ አልዘጋም፤ የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው የቀየረው። «ማማ ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው ቀረና «የት ብናደርገው ይሻላል?» የሚለው ተተካ። ሰፈሩን ደግሞ ከስቴቱ መሐንዲስ ይልቅ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። የትኛው ኮረብታ ከመንገድ እንደማይታይ፣ የትኛው ገበሬ መሬት ማከራየት እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቦታ ላይ አሮጌ የውኃ ታንከር እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው።

እርግጥ ሕጉ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። 30 ቀን በጣም አጭር ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው። በወር አንዴ የሚሰበሰብ ቦርድ ደብዳቤው ከስብሰባው ማግስት ከደረሰው ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነው የሚገናኘው። «ተመጣጣኝ ቦታ» ለማቅረብ ደግሞ ሬዲዮ የሚያውቅ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ትንሽ መንደር ይህን ከየት ታመጣለች? በአንድ ማማ የተነሳው ሙግት እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2001 ፍርድ ቤቱ ለስቴቱ ፈረደ፤ ሕጉ የስቴት ፖሊስን ከአካባቢ ዞኒንግ ነፃ አድርጎታል አለ። በቀጣዩ ዓመት ግንባታው ተጠናቀቀ።

ኒውዮርክ በሌላ መንገድ ሄደች

ሁሉም ስቴት እንደ ሚሺጋን አላደረገም። ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት የመንግሥት አካላት በመሬት ሲጣሉ ፍርድ ቤት ሚዛን ይይዛል። ይህ መርህ የመጣው በ1988 በሮቼስተር ከተማ አየር ማረፊያ ማስፋፊያ ላይ በተነሳ ክርክር ነው። ሥራው ለሕዝብ ምን ያህል ይጠቅማል? ሌላ ቦታ አለ ወይ? ጎረቤቱ ምን ያህል ይጎዳል? የአካባቢው ሰው ተሰምቷል ወይ? እነዚህ ሁሉ ይመዘናሉ። መንገዱ የበለጠ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ማማ ለብቻው ክርክር ሊሆን ይችላል።

በዚያ ላይ አዲሮንዳክ የሚባለው ግዙፍ ጥብቅ ስፍራ አለ፤ ስፋቱ ወደ 24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ነገር ለመሥራት የጥብቅ ስፍራው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማማ ከሆነ ደግሞ በተቻለ መጠን የማይታይ እንዲሆን ይጠየቃል። ተራራው ውብ ነው፤ ውብ ሆኖ እንዲቆይ መፈለግም ትክክል ነው። ግን ጥር 2007 ላይ አንድ ባልና ሚስት በዚያ በሚያልፈው ትልቅ አውራ ጎዳና ሲሄዱ መኪናቸው ከመንገድ ወጥቶ ጫካ ውስጥ ቀረ። ስልክ ነበራቸው። ኔትወርክ አልነበረም። እርዳታ ሳይደርስ ባልየው በብርድ ሞተ። ያ የስልክ እንጂ የፖሊስ ሬዲዮ ጉዳይ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ዳር ማማ የመትከሉ ነገር ተፋጠነ።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር እንጨምር። የኒውዮርክ የስቴት ሬዲዮ ዕቅድ የወደቀው በዞኒንግ አይደለም። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣው ውል በጥር 2009 የተሰረዘው በሙከራ ጊዜ መሣሪያው እንደተባለው ስላልሠራ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሕግ መሬት ሊያስገኝላችሁ ይችላል፤ የሚሠራ ሬዲዮ ግን አያስገኝም።

ወፎቹስ?

አሁን ከተቃዋሚዎቹ ጥያቄዎች አንዷን እናንሳ፤ ብዙ ሰው የሚስቅባትን። ወፎች።

በሌሊት የሚሰደዱ ትንንሽ ወፎች፣ በተለይ ደመና ሲኖር፣ በማማ መብራት ይሳባሉ። ዙሪያውን ሲዞሩ ከማማው፣ ከደጋፊ ገመዶቹ፣ ወይም እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ጠዋት ላይ መሬት ላይ ወድቀው ይገኛሉ። ከ61 ሜትር በላይ የሆነ ማማ ደግሞ ለአውሮፕላን ደህንነት ሲባል በአብዛኛው መብራት ሊኖረው ግድ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ለማጥናት የሄዱት እዚያው ሚሺጋን ነው፤ የስቴቱ የሬዲዮ ማማዎች ተመሳሳይ ቁመት ስላላቸው ለማነፃፀር ይመቹ ነበር። በ2009 የታተመው ጥናታቸው ያገኘው ነገር የሚገርም ነው። ሳይቋረጥ የሚበራውን ቀይ መብራት አጥፍቶ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብቻ መተው የወፎቹን ሞት ከ50 እስከ 71 በመቶ ይቀንሰዋል። አዲስ ማማ አያስፈልግም። መብራት መቀየር ብቻ! የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን በ2015 መመሪያውን ቀይሮ ለአዳዲስ ማማዎች ብልጭ ድርግም የሚለውን መረጠ። የደጋፊ ገመድ የሌላቸው ማማዎች ከባለገመዶቹ እጅግ ያነሰ ወፍ እንደሚገድሉም ታወቀ።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስቴቱ ከዞኒንግ ነፃ ስለወጣ የሰፈሩ ሰው ጥያቄ ዋጋ አጣ ማለት አይደለም። ፈቃድ ከመጠየቅ ነፃ መሆንና ከመስማት ነፃ መሆን የተለያዩ ናቸው። «ወፎቹስ?» የሚለው ጥያቄ ማማውን አላስቆመውም፤ ግን የተሻለ ማማ አደረገው።

ከኛ ጋር ምን አገናኘው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል ዘመድ የሌለው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ አንድ ቀን የሕዝብ ስብሰባ ማስታወቂያ ያገኙ ይሆናል። ብዙዎች ማስታወቂያ መስሏቸው ይጥሉታል። አትጣሉት! ብዙ ቦታ ነዋሪ የሆነ ሰው ገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ የእንግሊዝኛው ማማር አይጠየቅም።

ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ሂዱ። ማማው የማነው? የስልክ ኩባንያ ነው ወይስ የአደጋ ጊዜ አገልግሎት? ሕጉ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ለስልክ ኩባንያዎች በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ አካባቢዎች የዞኒንግ ሥልጣናቸውን እንዲይዙ ፈቅዷል፤ ማማው የፌዴራሉን የጨረር ገደብ ካከበረ ግን በጨረር ፍርሃት ብቻ መከልከል አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ላይ ሁለቱን ደቂቃ አታቃጥሉ። በ2012 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ባለው ማማ ላይ ተጨማሪ አንቴና መስቀልን በጣም አቅልሎታል፤ ያው ሕግ ነው ለአደጋ ሠራተኞች የሚያገለግል አገር አቀፍ የኢንተርኔት ኔትወርክ እንዲዘረጋ 7 ቢሊዮን ዶላር የመደበው። እናም የሚያዋጣው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «አጠገባችን ያለው ማማ ወይም የውኃ ታንከር ላይ ለምን አይሰቀልም?» መብራቱ የትኛው ዓይነት ነው? ደጋፊ ገመድ አለው? ከዚህ የማይታይ፣ ግን እኩል የሚሸፍን ቦታ ተፈትሿል?

እዚህ አገር ቤት ላለነውም ነገሩ ባዕድ አይደለም። መንገድ ሲቀየስ፣ የቆሻሻ መጣያ ሲፈለግ፣ የመብራት ምሰሶ ሲተከል ያው ክርክር አለ። አንዳንዴ ማንም ሳይጠየቅ ይሠራል፤ ሰው ጠዋት ተነስቶ ደጁ ተቆፍሮ ያገኘዋል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሰው «በኔ በኩል አያልፍም» ይልና ሰፈሩ ሁሉ ይቀራል። ሁለቱም ያማል።

የሚሺጋን ሕግ ፍጹም አይደለም። ቀኑ ሠላሳ ሳይሆን ስልሳ ቢሆን፣ ትንንሾቹ መንደሮች ደግሞ የራሳቸውን መሐንዲስ እንዲቀጥሩ ስቴቱ ቢከፍልላቸው የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡ ግን ልክ ነው። የሕይወት ጉዳይ በሆነ ነገር ላይ ማንም ሰው «አይሆንም» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይገባም፤ ማንም ባለሥልጣንም «ይሆናል» ብሎ ሳይጠይቅ ሊቆፍር አይገባም። ጠያቂው ቀን ይስጥ፣ ተጠያቂው ቦታ ያሳይ።

በሚቀጥለው ጊዜ «እዚህማ አይሆንም» የሚል ክርክር ስትሰሙ፣ በሰፈርም ይሁን በኮሚሽን፣ ወገን ከመያዛችሁ በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ወርውሩ፦ እሺ፣ ታዲያ የት ይሁን? መልስ ያለው ሰው ከሆነ አብራችሁት ቁሙ። መልስ ከሌለው ግን፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ያልተጋበዘው፣ ገና በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ አስታውሱት።